ክረምት ሲወጣ ጣና ዳርና አባይ መውጫው ላይ በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ

ሰሞኑን ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። ክረምቱ እየወጣ ነው፣ ውሃው ግን እንደደፈረሰ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ከሰዓት ዶፍ፣ አሁን መንጠቆ ይዞ ወደ ዳር መውረድ ያዋጣል ወይስ ኅዳር እስኪገባ ይጠበቅ? ያዋጣል። እንደውም እኔ ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ያለውን ነው፣ ሐይቁ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ የዳሩ ሣር ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ ዓሣው ዳር ዳሩን ይበላል፣ ግን ቀኑ ሙሉ የእናንተ አይደለም፣ ያላችሁ ከንጋት እስከ ረፋድ ያለችው ሰዓት ናት፣ ከዛ በኋላ ያለው የነፋሱና የዝናቡ ነው። ይቺ ያልገባችው ሰው ነው በስብሶ ባዶ እጁን ሲመለስ የማየው።

የምጽፈው ከዳር ቆሞ በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው ነው፣ መረብና ጀልባ ያላቸው ሥራቸውን ከኔ በላይ ያውቁታል። ሕግም አለ፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል አለ፣ ክልሉም የራሱ አለው፣ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብላችሁ የት ይፈቀዳል የት አይፈቀድም ብላችሁ ጠይቁ፣ በተለይ ለመሸጥ ካሰባችሁ።

መጀመሪያ የማትሄዱበትን ቦታ እወቁ

ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ በቲቪ አይታችሁታል፣ ያ ድብ ፏፏቴ አፋፍ ላይ ቆሞ በአየር ላይ የሚቀልበው። ከባሕር ተነስቶ ወንዝ ሽቅብ ይወጣል፣ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል፣ የፓስፊኩ ሳልሞን ደግሞ እንቁላሉን ጥሎ እዛው ይሞታል። እኛ ጋ ሳልሞን የለም፣ ያንኑ ጉዞ የሚጓዝ ዓሣ ግን አለን፣ ነጭ ዓሣ የምንለው። ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ፣ ሳይንሱ ላቢዮባርበስ ይለዋል፣ ጣና ውስጥ ብቻ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፣ አብዛኞቹ ደግሞ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም፣ ጢስ አባይ 40 ሜትር ገደማ ተወርውሮ ስለሚወርድ ከታች ሽቅብ የሚመጣ ዓሣ አያልፈውም፣ የኛዎቹም ከላይ ለብቻቸው ቀርተው እዚሁ ተባዙ ተለያዩ።

እና እነዚህ ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል አባይ፣ መገጭ እያሉ ወደ ገባር ወንዞቹ ይወጣሉ። መጀመሪያ የወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ይጠብቃሉ፣ ላይ ዘንቦ ጎርፍ ሲወርድ ሽቅብ ይሄዳሉ፣ ጥርት ያለ ጠጠራማ ጅረት ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። እንደ ፓስፊኩ ሳልሞን ጥለው አይሞቱም፣ በመረብ ካልተያዙ ማለቴ ነው። የወንዙን አፍ በመረብ ዘግቶ መጠበቅ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ይሠራል፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሥር ዓመት ውስጥ የነጭ ዓሣው መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ነው የተገኘው። ላይ ላዩን ደግሞ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይጫናል፣ እንቁላል የሚጣልበት አልጋ እሱ ነበር።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። መጀመሪያ ስጀምር ከጓደኛዬ ጋር ጉማራ አፍ ሄደን በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ነጭ ዓሣ ይዘን ተመለስን፣ ሰፈሩን ዓሣ አበላለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። እናቴ የመጀመሪያውን ሆዱን ስትከፍተው ቢጫ እንቁላል ሳህኑን ሞላው። ሁለተኛውም እንደዛው። "ውይ፣ ይቺ እኮ ልትወልድ ነበር" ብላ ቢላዋውን አስቀመጠችና እጇን ታጠበች፣ የቀሩትን እኔው ነኝ የከፈትኳቸው፣ ሁሉም እንደዛ ነበሩ። ከዛ ወዲህ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ወንዝ አፍ አልሄድም። እናንተም አትሂዱ፣ የምንፈልገው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉት) እና አምባዛ (ቅርፊት የሌለው ባለ ጺሙ ዓሣ) ነው፣ እሱ ደግሞ ባሕር ዳር ከተማ አፍንጫ ሥር አለ።

ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ መበተን የሚባለውን ነገርም በአፋችሁ እንዳታነሱት። ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ነው የሚፈጀው።

ዕቃ

ብዙ ብር አያስፈልግም። ዘንግ ማለት ቀጥ ያለ፣ የደረቀ፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሆነ ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ ነው፣ ጫፉ ቀጠን ብሎ የሚተጣጠፍ። ከውጭ ሰው ያመጣላችሁ ባለ መጠቅለያ ዘንግ ካላችሁ ጥሩ፣ ራቅ አድርጎ ይጥላል፣ ግን ለቆሮሶ ርቀት አያስፈልግም፣ ቆሮሶ እግራችሁ ሥር ነው ያለው።

ናይለኑ ለቆሮሶ 0.30 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ለአምባዛ ከ0.40 እስከ 0.50። መንጠቆ ስትገዙ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ፣ ቁጥር 8 ከቁጥር 6 ያንሳል፣ ለቆሮሶ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል፣ አፉ ጠባብ ነው። ለአምባዛ ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ ዜሮ ያለባቸውን፣ 1/0 ወይም 2/0 ውሰዱ፣ እነዚህኞቹ ደግሞ በተቃራኒው ቁጥሩ ሲያድግ ይተልቃሉ፣ ማን እንዳወጣው እንጃ። ለክብደት እርሳስ አትፈልጉ፣ መርዝ ነው፣ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ሲቀርም እዛው መርዝ ሆኖ ይቀመጣል፣ ጋራዥ ሄዳችሁ አሮጌ ዳዶ ለምኑ በነፃ ይሰጧችኋል። ተንሳፋፊ የጠርሙስ ቡሽ ወይም የነጠላ ጫማ ሶል ቁራጭ ይሆናል፣ ቀይ ቀለም ነካ አድርጉበት፣ በጭጋግ ጠዋት ያለዛ አይታይም።

ዳዶውን ከዋናው ናይለን ጋር በቀጥታ አትቋጥሩት፣ በሌላ ቀጭን ክር አንጠልጥሉት፣ ለምን መሰላችሁ፣ በዚህ ወቅት ጎርፍ ያመጣው ግንድና ሥር መሬቱን ሞልቶታል፣ ዳዶው ሲያዝ ቀጭኗ ክር ትበጠስና መንጠቆውና ዓሣው ይተርፋል። በአንድ ቀን አምስት መንጠቆ ከጣልኩ በኋላ ነው ይሄን የተማርኩት።

ቋጠሮውን በደንብ ላሳያችሁ፣ ብዙ ዓሣ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነውና። የናይለኑን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ አስገቡ፣ አንድ ስንዝር ያህል አስተርፉ። የተረፈውን ጫፍ በዋናው ናይለን ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዙት፣ ገመድ እንደሚገመድ። መንጠቆው አጠገብ ትንሽ ክፍተት ትቀራለች፣ ጫፉን መልሳችሁ በሷ አሾልኩት። አሁን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፣ ናይለን ደረቁን ሲጠብቅ በሰበቃ ይግልና እዛው ይደክማል፣ ካረጠባችሁት በኋላ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ጥምዝምዙ ተሰብስቦ ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። ጫፉን ቁረጡ፣ ግን ጥግ ድረስ አትቁረጡት። ከዛ መንጠቆውን ችንካር ላይ አንጠልጥላችሁ ከልባችሁ ጎትቱት፣ መበጠሱ ካልቀረ ቤት ይበጠስ።

የቀረው፣ ፒንሳ፣ ቢላ፣ ባልዲ፣ ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ስልክ የሚገባበት ድርብ ፌስታል። ቦት ጫማው ለጭቃው ብቻ አይደለም፣ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ሣር ያለበት የረጋ ውሃ ውስጥ ባለው ቀንድ አውጣ ነው የሚተላለፈው፣ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ ቆሞ ማጥመድ ይቅርባችሁ። ወባም ዋናው ወቅቱ አሁን ነው፣ ሲነጋ የሚወጣ ሰው እጅጌው ረጅም ይሁን።

ምን ይሰካል

ትል። በቃ ትል ነው። በዚህ ወቅት ደግሞ ትል መፈለግ አይባልም፣ ከብት የዋለበት ቦታ ፍግ ገለጥ አድርጎ መልቀም ነው፣ ትንሽ እርጥብ አፈር ጨምራችሁ በቆርቆሮ ያዙት፣ ክዳኑን ብሱት እንዲተነፍስ።

ለቆሮሶ የስንዴ ሊጥም ይሠራል፣ ጠንከር ተደርጎ የታሸ፣ ትንሽ የጥጥ ብናኝ ከገባበት ውሃ ውስጥ ቶሎ አይፈርስም። የአተር ፍሬ የምታክል ብቻ ድቡልቡል አድርጋችሁ የመንጠቆውን ጫፍ ሸፍኑ። ከመጣላችሁ በፊት እፍኝ የማትሞላ የእንጀራ ፍርፋሪ ቦታው ላይ በትኑ፣ ካበዛችሁት ግን ጠግቦ ይሄዳል። አምባዛ ሽታ ነው የሚከተለው፣ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት፣ ትንሽ ዓሣ፣ ምንም ቢሆን ደም ይኑረው። ማታ ዝናብ ዘንቦ አሸን ከፈላ ደግሞ መብራት ሥር የወደቀውን ሰብስባችሁ አስቀምጡ፣ ጠዋት ሦስት አራቱን አንድ ላይ ስኩት፣ ነጭ ዓሣም ቆሮሶም አምባዛም የሚስማሙበት ብቸኛ ነገር እሱ ይመስለኛል።

ውሃውን በሲኒ ለኩ

ይሄ የኔ ዘዴ ነው፣ ይሳቅብኝ። ጆሮ ያለው ነጭ የቡና ሲኒ በክር አስሬ ከኪሴ አይጠፋም። ዳር እንደደረስኩ ሲኒውን ውሃ ውስጥ ቀስ እያልኩ አወርደዋለሁ፣ ከዓይኔ ሲጠፋ ክሩን በስንዝር እለካለሁ። ስንዝር ሳይሞላ ከጠፋ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ቆሮሶ ምግቡን አያይም፣ የዛን ቀን አምባዛ ነው የሚሻለው፣ እሱ በጺሙ ዳብሶ ነው የሚበላው። ከሁለት እስከ ሦስት ስንዝር ከታየ ቆሮሶ አለ። ከዛ በላይ ከጠራ፣ ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት ካለቀ በኋላ ነው፣ ማንኪያ የምንለውን የሚያብረቀርቅ ብረት መወርወር ይቻላል፣ ከጣና ነጭ ዓሦች ስምንቱ ዓሣ አዳኝ ናቸውና ማንኪያውን ትንሽ ዓሣ መስሏቸው ይከተሉታል። የሚገርመው አፋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ጣታችሁን አጥልቃችሁ ጉሮሮ ውስጥ አትክተቱ።

እዛው ቦታ ላይም ውሃው አንድ ዓይነት አይደለም። ጎርፍ የገባበት ጎን ቡና መስሎ ሃያ እርምጃ ፈቀቅ ስትሉ አረንጓዴ ታገኛላችሁ፣ የሁለቱ መገናኛ መስመር ላይ ዓሣ ይቆማል፣ ከደፍራሹ የሚወጣውን ትል እየጠበቀ። ግን የከተማው ቱቦ የሚፈስበት ቦታ አይደለም ያልኩት! እዛ ዓሣ ይኖራል፣ አዎ ብዙ ይኖራል፣ ምን በልቶ እንደወፈረ እያሰባችሁ ብሉት እንግዲህ።

ሰማዩ

እንደ ቀን መቁጠሪያው ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው፣ በማግስቱ ጽጌ ይገባል። ሰማዩ ግን ቀን መቁጠሪያ አያነብም። የባሕር ዳር የዚህ ወቅት ቀን ሲሄድ እንዲህ ነው፣ ንጋት ላይ ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ዝም ይላል፣ ፀሐይ እየጠነከረች ስትሄድ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲነሳ ቦታውን ሊሞላ ከሐይቁ ነፋስ ይመጣል፣ ረፋድ ላይ ውሃው መሸብሸብ ይጀምራል፣ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ማዕበል ሆኖ ዳሩን ይመታል፣ ከሰዓት ደመናው ተቆልሎ ይወርዳል። ይሄ ሁልጊዜ አይደለም ግን አብዛኛውን ጊዜ ነው፣ ታንኳ ቀዛፊዎቹም ማልደው የሚወጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንጠቆ ውሃ ውስጥ ይሁን፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃ ይጠቅለል። ጥቅምት አጋማሽ ካለፈ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ዓሣው እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይለግማል፣ ትንሽ ዘግይታችሁ ብትሄዱ አያመልጣችሁም።

የስልኩን የአየር ሁኔታ አፕ አያለሁ፣ አላምነውም ግን አያለሁ። ከሱ ይልቅ ማዶ ያለውን የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ነው የማየው። ከከተማው ዳር ቆማችሁ የዘጌ ደን ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፣ ያ መስመር ግራጫ ሆኖ ከጠፋ እዛ ዘንቧል ማለት ነው፣ ወደናንተም ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ምልክት ድንገት ፊታችሁን የሚመታ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው፣ ፍሪጅ የተከፈተ ይመስል። እሱ ከመጣ ዕቃ ለመሰብሰብ እንኳን ጊዜ ላይኖር ይችላል።

የዛሬ ሁለት ዓመት መስከረም ላይ ይሄን ምልክት እያየሁት ቁጭ አልኩ፣ ቆሮሶው በየደቂቃው እየነከሰ ነበርና "አንድ ልጨምር፣ አንድ ልጨምር" እያልኩ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው መረባቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ "አንተ ልጅ፣ ተነስ እንጂ፣ አይመጣም ብሎሃል?" አሉኝ። "መጣሁ አያ፣ አሁን እነሳለሁ" አልኳቸው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ፣ ባልዲዬ ተንሸራቶ ከነዓሣው ሐይቁ ውስጥ ገባ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ሞተ። እሱ ምንም አይደለም። መብረቁ ከወዲያ ማዶ ሲወድቅ እጄ ላይ 4 ሜትር እርጥብ ሸምበቆ ይዤ ቆሜ ነበር፣ ሜዳው ላይ ከኔ የሚረዝም ነገር አልነበረም።

ስለዚህ መብረቅ ላይ ቀልድ የለም። ብልጭታውን ስታዩ ቁጠሩ፣ ድምፁ እስኪመጣ ያለው እያንዳንዱ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትቆጥሩ ከሰማችሁት 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ዘንጉን ጣሉና ቤት ግቡ። ዋርካና ሾላ ሥር አትጠለሉ፣ ባጃጅም ጎኑ ክፍት ስለሆነ መጠለያ አይባልም፣ ቤት ወይም ብረት ጣሪያ ያለው መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው የሚሻለው። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዛ ብትመለሱ ግን፣ ይሄን ለሚጠብቅ ሰው ነው የምነግረው፣ ዝናብ አባርቶ ነፋሱ ሲተኛ ያለችው ሰዓት ከሁሉም ትበልጣለች፣ ጎርፉ ከየሣሩ ትልና ጉንዳን ጠርጎ ያመጣል።

የት ይቆማል

ሐይቁ ላይ፣ ደንገልና ፊላ ያለበትን ጠርዝ ፈልጉ። ቆሮሶ ጥልቅ አይወድም፣ ጣና ራሱ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፣ ጥልቁ ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ቆሮሶ ደግሞ ከዛ ውስጥ ከወገብ የማይበልጠውን ዳሩን ነው የሚመርጠው። ደንገሉ ውስጥ ሳይሆን ከደንገሉ ፊት አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ ጣሉ። እምቦጭ ነፋስ ገፍቶ ያመጣበት ቦታ ከሆነ ጊዜያችሁን አታጥፉ፣ መንጠቆው እሱን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ነፋሱ ሲዞር እሱም ወደ ሌላ ዳር ይሄዳል።

አባይ መውጫው ላይ፣ ከደብረ ማርያም ደሴት ወደ ድልድዩ ስትመጡ፣ ውሃው ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ይጀምራል። መሐል ላይ አትጣሉ። ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ ጀርባ ውሃው ወደ ኋላ የሚሽከረከርበት ቦታ አለ፣ ቅጠልና አረፋ ተሰብስቦ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ዓሣው እዛ ነው የሚያርፈው፣ ማነው ቀኑን ሙሉ ከጎርፍ ጋር ሲታገል የሚውል። ከጨረጨራ ግድብ በታች ካላችሁ ደግሞ ይሄን አስቡ፣ ግድቡ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ ይቆጣጠራል፣ በሩ ሲከፈት ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ውሃው ይጨምራል። ስትደርሱ ውሃው ጠርዝ ላይ እንጨት ትከሉ፣ እንጨቱ ውሃ ውስጥ ከገባ ወደ ላይ ሽሹ፣ መሐል ያለ ድንጋይ ላይ ተሻግሮ መቆም ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

ጉማሬ። መውጫው አካባቢ አለ፣ ቱሪስት በጀልባ የሚሄደው እሱን ለማየት አይደል። ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል፣ እናንተ ደግሞ ሲነጋ ነው የምትወርዱት። ሣሩ ተደፍጥጦ እንደ ቦይ ወደ ውሃው የሚወርድ መንገድ ካያችሁ የሱ መንገድ ነው፣ እዛ ላይ አትቁሙ፣ በሱና በውሃው መካከል የገባ ሰው ነው የሚጎዳው። ብቻችሁን አትውረዱ፣ ባትሪ ያዙ፣ እያወራችሁ ሂዱ። ታንኳ ተውሶ መግባትም ላልለመደ ሰው አይሆንም፣ ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ሲቆይ ውሃ ይጠጣል፣ ከብዶ ይዘቅጣል፣ ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ከሕፃንነታቸው ስለሚቀዝፉት ቀላል ያስመስሉታል እንጂ።

አሁን ይጣል

ለቆሮሶ ተንሳፋፊውን አስተካክሉ፣ ምግቡ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል። የሰውነታችሁ ጥላ በውሃው ላይ አይውደቅ፣ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ትሁን። ከዛ ጠብቁ።

የቆሮሶ አነካከስ ይታወቃል። መጀመሪያ ተንሳፋፊው ይንቀጠቀጣል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ክብ ክብ የውሃ ቀለበት ይወጣል። አትንኩት። እየቀመሰ ነው፣ በከንፈሩ ነው የያዘው። ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል፣ ሄደ ትላላችሁ፣ አልሄደም። ከዛ ተንሳፋፊው ሳይሰጥም ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል፣ አሁን ነው፣ በእጅ አንጓ ብቻ ቆንጠር አድርጋችሁ ወደ ላይ። እስኪሰጥም የሚጠብቅ ሰው ሊጡን ተበልቶ ባዶ መንጠቆ ያወጣል፣ በመጀመሪያው ንቅናቄ የሚጎትት ደግሞ ከአፉ ይነጥቀዋል።

አምባዛ ሌላ ነው፣ ተንሳፋፊ አያስፈልገውም፣ ዳዶው መሬት ላይ ይረፍ፣ ናይለኑን በጣታችሁ ያዙት። ሲይዝ አይነካካም፣ ጎትቶ ይሄዳል፣ አንድ ሁለት ክንድ ስጡትና ያዙት። ወደ ሥር እንዳይገባ ዘንጉን ጋደም አድርጋችሁ ወደ ጎን ምሩት፣ በጉልበት ቀጥታ ብትስቡት ናይለን ይበጠሳል። ሲወጣ በባዶ እጅ ጭብጥ አታድርጉት፣ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ያለው የጎን ክንፍ ውስጥ መርፌ የሚያህል እሾህ አለ፣ ወግቶኝ ሦስት ቀን እጄ አብጧል። ከክንፎቹ ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ ያዙት። የቆሮሶ ደግሞ የጀርባ እሾህ ነው፣ እጃችሁን ከጭንቅላቱ ወደ ጭራው እያንሸራተታችሁ እሾሁን አስተኙት፣ ከጭራ ከጀመራችሁ ይቆማል።

ነጭ ዓሣ ሳታስቡት ከያዘ፣ ይይዛልም፣ እጃችሁን አርጥባችሁ ሆዱን ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። ከተነፋ ወይም እንቁላል ወይም ነጭ ፈሳሽ ጠብ ካለ መልሱት። በፒንሳ መንጠቆውን በገባበት አቅጣጫ መልሳችሁ አውጡ፣ ስንጥቡን አትንኩ፣ ወደ ውሃው አትወርውሩት፣ ጭንቅላቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙራችሁ ያዙት፣ ሲበረታ ራሱ ከእጃችሁ ይወጣል። ከእጅ ያነሰ ቆሮሶም ይመለስ። አፏን ስትከፍት ጫጩት የሚረግፍላት ቆሮሶም ትገጥማችሁ ይሆናል፣ እንቁላሏንም ጫጩቷንም አፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው፣ እሷን ቶሎ ልቀቋት።

ወደ ቤት

ዓሣ በፀሐይ ባልዲ ውስጥ ሲሞት ቤት እስክትደርሱ ይበላሻል። የምትወስዱትን ወዲያው ጭንቅላቱን በዱላ መታ አድርጋችሁ ግደሉት፣ ሆዱን ክፈቱት፣ ስንጥቡን አውጡ፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ሥር አኑሩት፣ ነፋስ ሲያገኘው ጨርቁ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። በረዶ ካገኛችሁ ከሁሉም ይሻላል። ሆድ ዕቃውን ዳር ላይ አትተዉት፣ የበጣጠሳችሁትንም ናይለን ለቅማችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፣ የወፍ እግር ነው የሚያስረው።

ቆሮሶ ፊሌቶ ማውጣት ቀላል ነው፣ ከጀርባ አጥንቱ ጋር ቢላውን አስጠግታችሁ ከራስ ወደ ጭራ ብቻ። ነጭ ዓሣ ግን ሥጋው ውስጥ ቀጫጭን እሾህ ስላለው ለፊሌቶ አትልፉ፣ ጎኑን በሁለቱም በኩል ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ በቢላ ሸንትሩት፣ እሾሁ ይቆራረጣል፣ ጨውና ሎሚ ቀብታችሁ በደንብ በጋለ ዘይት ጥበሱት፣ የተቆራረጠው እሾህ አብሮ ይንኮሻኮሻል። በአዋዜ። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉ ቤቶች ብዙ ናቸው፣ የኛም ቤት እንደዛ ነው፣ ስለዚህ የኔ አምባዛ ሁሌ ለጎረቤት ነው የሚሄደው፣ በምትኩ ቃሪያ ይላክልኛል።